አሉሚኒየም የተጨመረበት የማንጋኒዝ ካቶድ ኮንዳክቲቪቲው ለምን ወረደ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የሊቲየም ማንጋኒዝ ኦክሳይድ (በክሪስታሉ ዓይነት ስፒኔል የሚባለው) የባትሪ ካቶድን በአሉሚኒየም ዶፕ አድርጌ (ትንሽ አሉሚኒየም በማንጋኒዙ ቦታ አስገብቼ) ኮንዳክቲቪቲውን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን፣ እያጠናሁ ነው። የአሉሚኒየሙ መጠን (ከሁለቱ ማንጋኒዝ የተተካው) 0፣ 0.05፣ 0.1 እና 0.2 ነው። ሊቲየም ካርቦኔት፣ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድና አሉሚና በእጅ ፈጭቼ 750 ዲግሪ ላይ 12 ሰዓት አቃጠልኩ። ከዚያ ዱቄቱን ጨምቄ ክብ ፔሌት አድርጌ፣ የብር ፔስት ቀብቼ በመልቲሜትር ለካሁ። ያገኘሁት ሬዚስታንስ በቅደም ተከተል 8፣ 6፣ 21 እና 260 ኪሎኦም ነው። ሦስቱን ድሬዳዋ በተለያየ ቀን፣ የመጨረሻውን ሐረር ጠዋት ላይ ነው የለካሁት። አማካሪዬ «ዶፒንግ ኮንዳክቲቪቲን መጨመር አለበት» ይላሉ። ምን አበላሸሁ? ቁሱስ ለካቶድነት አይረባም ማለት ነው?

ምላሽ፦

እህቴ፣ መውረዱ በራሱ ስህተት አይደለም። በዚህ ቁስ ውስጥ አሉሚኒየም ሲገባ ኮንዳክቲቪቲው መውረድ ነው ያለበት። የሚያጠያይቀው ምን ያህል ወረደ የሚለው ነው። ከ8 ወደ 21 መሄዱ ይታመናል። 260ው ግን በአሉሚኒየሙ ብቻ አይገለጽም፤ ሌላ ነገር ተደርቦበታል። 6ቱ ደግሞ እንደ ውጤት ባትቆጥሪው ይሻላል።

የአማካሪሽ ግምት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሲሊከን ላይ ፎስፈረስ ወይም ቦሮን ሲጨመር ኮንዳክቲቪቲው ያድጋል። ከካቶዶችም መካከል ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ እንዲሁ ነው። ኮባልቱ ሁሉ 3+ ስለሆነ ኤሌክትሮን የሚያንቀሳቅስ ነገር እምብዛም የለውም። ከመቶ ኮባልት አምስቱን በማግኒዥየም 2+ ስትተኪ፣ ቻርጁን ለማመጣጠን ሌሎች ኮባልቶች ወደ 4+ ይወጣሉ፤ ቀድሞ ያልነበረ ሆል (ኤሌክትሮን የጎደለበት፣ ቻርጅ የሚሸከም ቦታ) ይፈጠራል፤ ኮንዳክቲቪቲውም ከመቶ እጥፍ በላይ አድጎ 0.5 ሲመንስ በሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። ያንቺ ስፒኔል ግን ሳይነካ በፊትም ቻርጅ ተሸካሚ የሞላበት ነው፤ የዶፓንቱ ሥራ እዚህ ላይ ይገለበጣል።

ሒሳቡን አብረን እናስላ። በስፒኔሉ 1 ሊቲየም፣ 2 ማንጋኒዝና 4 ኦክስጅን አለ። ኦክስጅኖቹ 8 ኔጋቲቭ ያመጣሉ፣ ሊቲየሙ 1 ይሸፍናል፣ ቀሪውን 7 ሁለቱ ማንጋኒዞች ይካፈሉታል። ስለዚህ ግማሹ ማንጋኒዝ 3+፣ ግማሹ 4+ ነው። ኤሌክትሮኑ ከ3+ ተነስቶ ጎረቤቱ ወዳለው 4+ ይዘላል፤ መንገዱ ይኸው ብቻ ነው። ባለሙያዎች ስሞል ፖላሮን የሚሉት ይህን ነው፤ ኤሌክትሮኑ ባረፈበት ቦታ በዙሪያው ያሉትን ኦክስጅኖች ስለሚገፋ፣ ከዚያ ተነስቶ ለመዝለል የሙቀት ኃይል ይፈልጋል። ዝላይ እንዲኖር ሰጪም ተቀባይም ያስፈልጋል። ስለዚህ ወሳኙ የ3+ ድርሻ በ4+ ድርሻ ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር ነው። ንጹሑ ስፒኔል ላይ 0.5 በ0.5፣ ማለትም 0.25 ነው። ከዚህ በላይ ሊሆን አይችልም። ምንም ዓይነት ዶፓንት ብትጨምሪ ይህን ቁጥር ከመቀነስ አያልፍም።

አሉሚኒየም 3+ የሚተካው ማንጋኒዝ 3+ን ነው። በ0.1 መጠን ስታስገቢ 3+ው ከ1 ወደ 0.9 ይወርዳል፣ 4+ው 1 ላይ ይቆያል። 0.45 በ0.5 ሲባዛ 0.225፤ የ10 በመቶ ቅናሽ ነው። በ0.2 ስታስገቢ 0.20 ይሆናል፤ የ20 በመቶ ቅናሽ። ማግኒዥየም ብትጠቀሚ ኖሮ አንድ ማግኒዥየም ሁለት ማንጋኒዝ 3+ን ስለሚያጠፋ ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ በ0.1 መጠን 0.4 በ0.55፣ ማለትም 0.22 ይሆናል። እንደምታዪው የተሸካሚዎቹ ቁጥር ብቻውን ትልቅ ለውጥ አያመጣም። ሁለተኛው ነገር ይበልጣል፦ አሉሚኒየሙ ኤሌክትሮን አይቀበልም፣ መንገድ ላይ ቆሞ ይዘጋል። ከማንጋኒዝ 3+ም ያነሰ ስለሆነ (0.535 በ0.645 አንግስትሮም) ክሪስታሉን ያጠባል፣ የዝላዩ አክቲቬሽን ኢነርጂም (ለመዝለል የሚያስፈልገው ኃይል) ከፍ ይላል። ይህ ኃይል በ0.02 ኤሌክትሮንቮልት ብቻ ቢጨምር፣ 35 ዲግሪ ላይ ኮንዳክቲቪቲው ከግማሽ በታች ይወርዳል።

አሁን ወደ ቁጥሮችሽ እንምጣ። ከ8 ወደ 21 ማለት 2.6 እጥፍ ነው። ከዚህ ላይ የተሸካሚዎቹን ድርሻ ብታወጪ 2.4 ገደማ ይቀራል፤ ይህን ለማምጣት የአክቲቬሽን ኢነርጂው በ0.023 ኤሌክትሮንቮልት መጨመር ይበቃዋል። ስለዚህ 21 ኪሎኦም የሚያስደነግጥ አይደለም።

ስድስቱን ኪሎኦም የሚያብራራው የድሬዳዋ አየር ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የዚህ ቁስ አክቲቬሽን ኢነርጂ ብዙ ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.4 ኤሌክትሮንቮልት ነው። 0.35 ብለን ብንይዝ፣ በ30 ዲግሪ አካባቢ እያንዳንዱ ዲግሪ ኮንዳክቲቪቲውን 4 በመቶ ገደማ ይለውጠዋል። ክፍሉ ጠዋት 25 ሆኖ ከሰዓት 35 ከደረሰ ያው ፔሌት፣ ያው ሽቦ፣ 1.5 እጥፍ ልዩነት ያሳያል። ከ8 ወደ 6 ለመውረድ 7 ዲግሪ ይበቃል። በተለያየ ቀን ለክቻለሁ ብለሻል፤ የሙቀት መጠኑን ግን አልጻፍሽም። የፔሌቶቹንም ውፍረት አልጻፍሽም። ያለ ሁለቱ ኪሎኦም ብቻውን ትርጉም የለውም።

የሐረሩ ልኬት ሁለት ችግር አለበት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ ፔሌቱ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ የአየሩ ሙቀትም አብሮ ይወርዳል። ክፍሉ ጠዋት 15 ዲግሪ ነበር ብንል፣ ከድሬዳዋው 35 ዲግሪ ጋር ሲነጻጸር ሬዚስታንሱ በሙቀት ልዩነት ብቻ 2.3 እጥፍ ያድጋል። ሁለተኛው ችግር ያንቺን የ0.2 ፔሌት አይነካውም፣ ግን ንጹሑን ይዘሽ ብትወጪ ያስቸግርሽ ነበር። ዶፕ ያልተደረገው ስፒኔል ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ባለው መካከል የፌዝ ለውጥ ያደርጋል፦ ማንጋኒዝ 3+ በዙሪያው ያሉትን ኦክስጅኖች ወደ አንድ አቅጣጫ በሚያስረዝምበት የጃን-ቴለር መዛባት የተነሳ ክሪስታሉ ኩቢክነቱን ይተዋል፣ ኤሌክትሮኖቹም ቦታ ይዘው ይረጋሉ፣ ሬዚስታንሱ በድንገት ይዘላል። ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ የሚለወጥበት ነጥብም አንድ አይደለም። ድሬዳዋ ላይ ይህ ለውጥ በተራ ቀን አይታይም፤ ሐረር ወይም ሐረማያ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ልክ መሐሉ ላይ ትገቢያለሽ። ትንሽ አሉሚኒየም ይህን ለውጥ ያጠፋዋል ወይም ወደ ታች ይገፋዋል። ስለዚህ ሐረር ላይ አራቱንም ብትለኪ ኖሮ ንጹሑ ፔሌት ከዶፕዶቹ የባሰ ሆኖ ሊገኝና «ዶፒንግ ኮንዳክቲቪቲ ጨመረ» ብለሽ ልትጽፊ ትችዪ ነበር። ከተለያዩ አገሮች የወጡ ጽሑፎች ሲጋጩ ስታዪ አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑን አስቢ።

እንግዲህ 260ን በ8 ብታካፍዪ 32 እጥፍ ነው። የሙቀቱን 2.3 ስታወጪ 14 ይቀራል፤ የተሸካሚዎቹን 1.25 ስታወጪ 11። ይህ 11 እጥፍ ከአክቲቬሽን ኢነርጂ ብቻ ይመጣል ካልሽ የ0.06 ኤሌክትሮንቮልት ጭማሪ ያስፈልገዋል። የማይሆን አይደለም፣ ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አሉሚናውን ነው።

አሉሚና በ750 ዲግሪ በቀላሉ የሚገባ ነገር አይደለም። ፈርነሱ ውስጥ ክሩሲብል የምናደርገው እኮ እሱኑ ነው። በእጅ ሙቀጫ ተፈጭቶ የተቀላቀለ የአሉሚና ቅንጣት ጥቂት ማይክሮሜትር ይሆናል፤ ከላዩ ትንሽ ይበላና መሐሉ ሳይነካ ይቀራል፤ አለዚያም ከሊቲየሙ ጋር ሊቲየም አሉሚኔት ይሠራል። ሁለቱም ኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉ) ናቸው፣ የሚቀመጡትም ከቅንጣት ወደ ቅንጣት መሸጋገሪያው ላይ ነው። በ0.2 መጠን የጨመርሽው አሉሚና ከምርቱ ክብደት 5.8 በመቶ ያህል ነው። ግማሹ እንኳ ሳይገባ ቢቀር ኤክስአርዲ (ክሪስታሎችን በኤክስሬይ የሚለየው ምርመራ) ላይ አይታይሽም፤ የአሉሚና ፒክ ከማንጋኒዝ ስፒኔሉ አጠገብ በጣም ደካማ ነው። ከዚህ የባሰው፣ ሊቲየም ወደ አሉሚኔት ከሄደ ለስፒኔሉ ሊቲየም ያንሰዋል፣ ማንጋኒዝ 3 ኦክሳይድም (Mn₂O₃) ተርፎ ይወጣል። የዚህ ፒክ 33 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እዚያ ጋ ኤክስአርዲሽን ደግመሽ እዪው።

ስለዚህ የአሠራሩን መንገድ ቀይሪ። አሉሚኒየሙን በውሃ ከሚሟሟ ጨው አምጪው፣ ሁሉንም በሲትሪክ አሲድ አስሪው። ለእያንዳንዱ ናሙና 0.05 ሞል (9 ግራም ገደማ ምርት) ብትሠሪ ሒሳቡ ቀላል ይሆናል። ሊቲየም ካርቦኔት ለአራቱም 1.88 ግራም፤ ይህ 2 በመቶ ትርፍ ያለበት ነው። ሲትሪክ አሲድ ሞኖሃይድሬት ለአራቱም 31.5 ግራም። የማንጋኒዝ አሲቴት ቴትራሃይድሬት ለ0 24.51፣ ለ0.05 23.90፣ ለ0.1 23.28፣ ለ0.2 22.06 ግራም። የአሉሚኒየም ናይትሬት ኖናሃይድሬት ለ0.05 0.938፣ ለ0.1 1.876፣ ለ0.2 3.751 ግራም።

ከመመዘንሽ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ፤ ብዙ ተማሪ ይዘለዋል። ናይትሬቱና አሲቴቱ ጠርሙሳቸው በተከፈተ ቁጥር ውሃ ይወስዳሉ ወይም ያጣሉ፤ መለያው ላይ ያለው ሞለኪውላዊ ክብደት እውነት መሆኑ ይቀራል። ከአሉሚኒየም ናይትሬቱ 1 ግራም በክሩሲብል ቀስ ብለሽ አሙቀሽ 1000 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አቆይው፤ 0.136 ግራም አሉሚና መቅረት አለበት። ከማንጋኒዝ አሲቴቱ 1 ግራም 700 ዲግሪ ላይ በአየር ካቃጠልሽ 0.322 ግራም ማንጋኒዝ 3 ኦክሳይድ ይቀራል። ያገኘሽው ከዚህ ቢለይ የምትመዝኚውን በዚያው ልክ አስተካክዪ። 5 በመቶ የማንጋኒዝ ስህተት ከ0.05 አሉሚኒየም የበለጠ ውጤትሽን ያዛባል።

የሊቲየሙም ትርፍ ለአራቱም አንድ ይሁን። ብዙ ጽሑፎች 5 በመቶ ወይም 10 በመቶ ጨምሩ ይላሉ፣ ይተናል ብለው። በ750 እና በ800 ዲግሪ ከዚህ ስፒኔል የሚተነው ሊቲየም ግን ያን ያህል አይደለም፤ ትርፉ የማንጋኒዙን ቦታ ይይዛል፣ 1+ ስለሆነም ማንጋኒዝ 3+ን ከአሉሚኒየም ይልቅ ፈጥኖ ያጠፋል። ሊቲየም ራሱ ዶፓንት ነው ማለት ነው፤ ሁለት ዶፓንት በአንድ ላይ እያጠናሽ አንዱን ብቻ ትጽፊያለሽ።

ሲትሪክ አሲዱን በ100 ሚሊሊትር ዲስቲልድ ውሃ አሟሚ፣ ሊቲየም ካርቦኔቱን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪ (አረፋ ያወጣል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው)፣ ከዚያ አሲቴቱንና ናይትሬቱን። በአሞኒያ ፒኤችውን 6 ወደ 7 አምጥተሽ 80 ዲግሪ ላይ እያማሰልሽ አድርቂ፤ ማር የመሰለ ጄል ይሆናል። ዝቃጭ ካየሽ ፒኤችው አልፏል ማለት ነው፤ ያ ናሙና አይሆንም። ጄሉ 120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አድሮ እጅግ ያብጣል፤ ቢከሩን ከአንድ አምስተኛ በላይ አትሙዪው። ከዚያ ፈርነስ ውስጥ በደቂቃ 2 ዲግሪ እየጨመርሽ 400 ላይ 4 ሰዓት፤ ፍጥነቱን ካበዛሽው ናይትሬቱ ካርቦኑን አቀጣጥሎ ዱቄቱን ከክሩሲብል ያወጣዋል፣ በአንዳንድ ቦታ ያለ ልክ ይሞቅና ሊቲየሙ እዚያ ይጠፋል። ጭሱ የአሲቲክ አሲድ ሽታ አለው፣ ፉም ሁድ ወይም ጥሩ አየር ያለበት ቦታ ይሁን። ፈጭተሽ 750 ላይ 12 ሰዓት።

ፔሌቱን በ13 ሚሊሜትር ዳይ፣ 0.6 ግራም፣ በ4 ቶን ጭነት ሥሪ፤ 300 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። አራቱንም ፔሌት በአንድ ክሩሲብል፣ እያንዳንዱን በራሱ ዱቄት ላይ አስቀምጠሽ፣ በአንድ ጊዜ 800 ላይ 8 ሰዓት። ተለያይተው ከተቃጠሉ ልዩነቱ የአሉሚኒየም ይሁን የፈርነስ አታውቂም። ማቀዝቀዙ ከማቃጠሉ እኩል ይጠንቀቅ፦ ስፒኔሉ ከ800 በላይ ኦክስጅን መልቀቅ ይጀምራል፣ በአየር ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይወስዳል። እስከ 500 ዲግሪ ድረስ በደቂቃ 1 ዲግሪ አውርጂ። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ በሩን አትክፈቺ፤ ሲመለስ ወደ 700 አድርሰሽ 6 ሰዓት አቆይተሽ በዚያው ፍጥነት አቀዝቅዢ። የኦክስጅን ጉድለት ያለበት ናሙና ማንጋኒዝ 3+ው ይበዛል፤ ያንቺን የአሉሚኒየም ውጤት በተቃራኒው ይጎትተዋል።

የፔሌቱን ውፍረትና ክብደት ካሊፐርና ሚዛን ላይ ለኪ፣ ዴንሲቲውን አስዪ። ሙሉው የንጹሕ ስፒኔል ዴንሲቲ 4.28 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። ፔሌቶችሽ ከ65 እስከ 75 በመቶ መካከል ቢወድቁ የሚጠበቅ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ይጻፍ፦ 72 በመቶ የሆነው ከ65 በመቶው በቀዳዳ ብዛት ብቻ 17 በመቶ ገደማ የተሻለ ያስተላልፋል። አንዱ 50 በመቶ ሆኖ ሌላው 72 ከሆነ ደግሞ ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ የቅንጣቶቹ መገናኛ አንገት ራሱ ስለሚቀጥን አታወዳድሪያቸው።

ብሩን በሁለቱ ገጾች ብቻ ቀቢ፣ ጠርዙ ላይ ከፈሰሰ በአሸዋ ወረቀት አጥፊው፤ በጠርዝ በኩል የሚያልፍ ኩረንት ውጤቱን ያሳምረዋል። 150 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አድርቂ፤ የፔሌቱም እርጥበት አብሮ ይወጣል። የአሉሚኒየም ፎይል ጫን ብሎ መለካት አይሆንም፣ ፎይሉ ራሱ የኦክሳይድ ሽፋን አለው። ኮንዳክቲቪቲው ውፍረት ሲካፈል ለ(ሬዚስታንስ × ስፋት) ነው። የ13 ሚሊሜትር ፔሌት ስፋት 1.327 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር ከሆነ 8 ኪሎኦም ማለት 1.5 × 10⁻⁵ ሲመንስ በሴንቲሜትር ነው፣ ለዚህ ቁስ ከሚጠበቀው ክልል ውስጥ። በሁለት ሽቦ መለካትሽ በዚህ ኪሎኦም ደረጃ ኃጢአት አይደለም፤ ግን የኮንታክቱን (የብሩና የፔሌቱ መገናኛ) ሬዚስታንስ ማወቅ አለብሽ። ለዚህ አራት ፕሮብ አያስፈልግም። ከአንድ ዱቄት 0.4፣ 0.6 እና 0.9 ግራም ሦስት ፔሌት ሥሪ፣ ሬዚስታንሱን በውፍረት ላይ ሳዪ፣ መስመሩ ውፍረት ዜሮ ላይ የሚቆርጠው ቁጥር ኮንታክቱ ነው። ፕሮቦቹን አገላብጠሽም ለኪ፤ ቁጥሩ ከተለወጠ የብሩ ቅብ ተበላሽቷል።

ከዚያ ዋናው ልኬት ይመጣል፤ ያለሱ 260ውን ማንም ሊፈታልሽ አይችልም። ፔሌቱን ኦቨን ውስጥ አድርገሽ፣ ኬ-ታይፕ ቴርሞካፕል ፔሌቱን ነክቶ (የኦቨኑን ስክሪን አትመኚ)፣ ከ35 እስከ 115 ዲግሪ በየ10 ዲግሪው 20 ደቂቃ እየጠበቅሽ ለኪ። ቴርሞካፕል ያለው ቴስተር እዚያው ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ አይጠፋም። ሲወርድም ድገሚው፤ የመውጫውና የመውረጃው መስመር ካልገጠመ እርጥበት ወይም የብር ቅብ ችግር አለ። ኮንዳክቲቪቲውን በኬልቪን ሙቀት አባዢ፣ ሎጋሪዝሙን (ናቹራል) ውሰጂ፣ 1000 ሲካፈል ለኬልቪን ላይ ሳዪ። የመስመሩ ቁልቁለት በ0.0862 ሲባዛ አክቲቬሽን ኢነርጂው በኤሌክትሮንቮልት ነው። በሙቀት ሳታባዢ ብትስዪ በ0.03 ገደማ ያነሰ ታገኚያለሽ፤ የሌሎችን ቁጥር ስታወዳድሪ በየትኛው እንደሳሉ እዪ፤ አንቺ የምትፈልጊው ልዩነት ራሱ ይህን ያህል ነውና።

የ0.2 መስመር ከንጹሑ ጋር ትይዩ ሆኖ ዝቅ ካለ፣ ችግሩ ጂኦሜትሪ ነው፦ ስንጥቅ፣ ቀዳዳ፣ የተነቀለ ብር። ቁልቁለቱ ከጨመረ አሉሚኒየሙ እውነት ክሪስታሉ ውስጥ ገብቷል፣ ወይም በቅንጣቶቹ መካከል ሌላ ቁስ ተቀምጧል። እነዚህን ሁለቱን የሚለየው ኤክስአርዲ ነው። በመዳብ ራዲየሽን የ(400) ፒክ ለንጹሑ (የላቲስ መጠኑ፣ ማለትም የሚደጋገመው የክሪስታል ሳጥን ጎን፣ 8.247 አንግስትሮም) 43.9 ዲግሪ አካባቢ ነው። መጠኑ ወደ 8.22 ቢወርድ ፒኩ የሚንቀሳቀሰው 0.15 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ናሙናው በሆልደሩ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ያንኑ ያህል ያሳስታል። ስለዚህ ትንሽ የሲሊከን ዱቄት ቀላቅለሽ ላኪ፣ በእሱ ፒክ አስተካክዪ። የላቲሱ መጠን ከ0 እስከ 0.2 በቀጥታ መስመር ከወረደ አሉሚኒየሙ ገብቷል። ከ0.1 በኋላ ከቆመ አልገባም። የአሉሚኒየምና ማንጋኒዝ ጥምርታውን በኤክስአርኤፍ (የንጥረ ነገሮችን መጠን በኤክስሬይ በሚለካ መሣሪያ) ማስለካትም ይቻላል፣ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ይህን መሣሪያ ለዕለት ሥራቸው ይጠቀሙበታል፤ ሊቲየምን ግን ኤክስአርኤፍ አያይም፣ ምን ያህል እንደጨመርሽ እንጂ የት እንደገባም አይነግርሽም።

በኮንዳክቲቪቲ ብቻ «ገብቷል» ብሎ መደምደም የት እንደሚያደርስ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ታሪክ ይመሰክራል። በ2002 የኤምአይቲው የት-ሚንግ ቺያንግ ቡድን በኒዮቢየም፣ በዚርኮኒየምና በመሳሰሉት ጥቂት ዶፒንግ የዚህን ካቶድ ኮንዳክቲቪቲ መቶ ሚሊዮን እጥፍ ገደማ አሳደግን ብሎ አወጣ። በ2004 በካናዳ ዋተርሉ የሊንዳ ናዛር ቡድን በቅንጣቶቹ ወሰን ላይ የብረት ፎስፋይድ መረብ እንደሚፈጠርና ያ መረብ ኤሌክትሪኩን ሊሸከም እንደሚችል አሳየ፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ። ካንቺ ጋር ያለው ልዩነት የእነሱ በወሰኑ ላይ የተቀመጠው ነገር ኮንዳክተር መሆኑ፣ ያንቺ ኢንሱሌተር መሆኑ ብቻ ነው። (ወደዚያ ካቶድ ልቀይር ብለሽ አታስቢ። በአርጎን ወይም በናይትሮጅን ካልተቃጠለ ብረቱ ወደ 3+ ይሄዳል፤ ንጹሑ ኮንዳክቲቪቲው 10⁻⁹ አካባቢ ስለሆነም ያንቺ ዓይነት ፔሌት 120 ሜጋኦም ያህል ይሆናል፣ ተራ መልቲሜትር ደግሞ እዚያ አይደርስም። አየር ላይ በሚቃጠል ፈርነስ ለሚሠራ ሰው የማንጋኒዝ ስፒኔል ትክክለኛ ምርጫ ነው።)

«አይረባም ወይ» ላልሽው፦ አሉሚኒየም ወደዚህ ካቶድ የሚገባው ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ሳይሆን ዕድሜ እንዲኖረው ነው። ማንጋኒዝ 3+ ሁለት ሁለት ሆኖ ወደ 4+ እና ወደ 2+ ይከፈላል፣ 2+ው ኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ይሟሟል፣ ከዚያ አኖዱ ላይ ሄዶ ይለጠፋል። በኤሌክትሮላይቱ ጨው ውስጥ ትንሽ ውሃ ከገባ የሚፈጠረው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይህን ያፋጥነዋል፤ ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል። 55 ዲግሪ ላይ የሚሞከርበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ የባጃጅ ባትሪ ሳጥን ደግሞ ከክፍሉ ሙቀት ይልቅ ወደዚያኛው የሚጠጋ ነው። አሉሚኒየም 3+ውን ይቀንሳል፣ ከኦክስጅን ጋር ያለው ትስስርም ይጠነክራል። ዋጋው ካፓሲቲ ነው፦ ንጹሑ በቲዎሪ 148 ሚሊአምፔር-ሰዓት በግራም ሲሰጥ 0.1 ያለበት 135፣ 0.2 ያለበት 122 ያህል ይሰጣል። እኔ ብሆን ከ0.1 አላልፍም።

የኮንዳክቲቪቲው በ2 ወይም በ3 እጥፍ መውረድ ባትሪው ውስጥ እምብዛም አይሰማም። ኤሌክትሮዱ ለላቦራቶሪ ሲሠራ 80 በመቶ ካቶድ፣ 10 በመቶ ካርቦን ብላክ፣ 10 በመቶ ባይንደር ይሆናል፤ ኤሌክትሮኑን ከአሉሚኒየም ፎይሉ እስከ ቅንጣቱ ገጽ የሚያደርሰው ካርቦኑ ነው። ቅንጣቱ ውስጥ የቀረው ርቀት ከአንድ ማይክሮሜትር በታች ነው። ስለዚህ በጽሑፍሽ ኮንዳክቲቪቲን የካቶድ ጥራት መለኪያ አታድርጊው። አሉሚኒየሙ ስለ መግባቱና ማንጋኒዙ ስለ ያዘው ቻርጅ የሚመሰክር መለኪያ አድርጊው፤ ለአማካሪሽም በዚህ መልክ ብታቀርቢው ይቀበሉታል። የአራቱ ናሙናዎች አክቲቬሽን ኢነርጂ፣ የላቲስ መጠንና ዴንሲቲ በአንድ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ክርክር አለሽ። ቻርጅና ዲስቻርጅ ሙከራውን ካስፈለገ ውሃውና ኦክስጅኑ ከሚሊዮን አንድ በታች የሆነ የአርጎን ግላቭ ቦክስ ያለበት ቦታ አሠሪው፣ በክፍት አየር አትሞክሪው።

የ0.2ውን አሮጌ ፔሌት ግን አትጣዪው። ብሩን በአሸዋ ወረቀት አጥፊ፣ 120 ዲግሪ ላይ አድርቂ፣ አዲስ ብር ቀቢና ድሬዳዋ ላይ፣ ከንጹሑ ፔሌት ጋር በአንድ ኦቨን፣ በአንድ ቀን፣ 35 ዲግሪ ላይ ለኪው። በሙቀቱ ልዩነት ብቻ ወደ 113 ኪሎኦም መውረድ አለበት፤ ከዚያም በብዙ ከወረደ አሮጌው የብር ቅብም ጥፋት ነበረበት ማለት ነው። ካልወረደ ለሁለት ስበሪው፣ የተሰበረውን ገጽ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካለበት ላቦራቶሪ ልከሽ የአሉሚኒየም ካርታ አስነሺበት፤ አሉሚና ሳይገባ ቀርቶ ከሆነ ማንጋኒዝ የሌለባቸው የአሉሚኒየም ነጠብጣቦች ሆኖ ይታያል።